የተቆለፈ ጨው

እጁ ሁለቱን ክፍሎች ከሚለየው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ በላይ ብቅ ያለው ገና ጎህ ሲቀድ ነበር። ግድግዳው ጣሪያው ድረስ አይደርስም፤ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው አናጢው ጣውላው አልቆበት ይሁን ትዕግሥቱ፣ እንዲሁ ትቶት ሄዷል። በዚያ ክፍተት የጎረቤት ሳል፣ የጎረቤት ሳሙና ሽታ፣ የጎረቤት ጠብ እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል። እጅ ሲገባ ግን ታላቅ እህት አይታ አታውቅም። የተጨማደደ፣ አንጓዎቹ ያበጡ የአሮጊት እጅ ነው። በሁለት ጣቶቹ መካከል የታጠፈች ወረቀት ይዟል። ታናሽ ወንድሟ ከአልጋው ሳይነሣ ክንዱን ወደ ላይ ዘረጋ። ወረቀቷ ከእጅ ወደ እጅ ልትሻገር አንድ ጣት ሲቀራት እህቱ ከፍራሿ ተስፈንጥራ መሀል ላይ ቀለበቻት። ስትዘረጋት ጨው ናት። እንደ ዱቄት የደቀቀች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማትሞላ ጨው። የአሮጊቷ እጅ እንደተነካ ቀንድ አውጣ ወደ መጣበት ተሰበሰበ።

“ማዘር! ይሄ ምንድን ነው?” አለች እህት ወደ ክፍተቱ አንጋጣ።

የአልጋ ሽቦ ከወዲያ በኩል ጮኸ። “ጨው ነዋ ልጄ፤ ምን መሰለሽ፣ አሺሽ?”

“ኩላሊቱን የታመመ ሰው ጨው ይበላል? እርስዎ እንኳን፣ ትልቅ ሰው!”

“ሐኪሙ ብላ ብሎኛል አለኝ። ሲለምነኝ አንጀቴን በላው፣ ምን ላድርግ?”

“ሐኪም ጨው ብላ ይላል? ጅብን ሥጋ ጠብቅ እንደማለት ነው እኮ! እናቴም እንደዚሁ ነበር የምትለኝ፤ ሐኪሙ ፈቅዶልኛል፣ ሐኪሙ ፈቅዶልኛል። የታመመ ሰው ለጨው ሲል የማይዋሸው የለም።” ወረቀቷን ጨበጠቻት። “ይማሉልኝ ማዘር። በልጅዎ ይማሉልኝ።”

ጎረቤቷ ማዘር በዚህ ዓለም ላይ ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ ሩቅ አገር የጭነት መኪና ይነዳል፣ በዓመት አንዴ ይመጣል ወይም አይመጣም። አሮጊቷ በቀጭን ድምፅ “ከዛሬ ወዲያ ከእጄ አንዲት ቅንጣት ቢቀምስ ልጄን አያሳየኝ” አሉ። ወንድም ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ነበር። በኮምፔርሳቶው ላይ ከዓመታት በፊት በእርሳስ የሣለው የሬዲዮ ሽቦ ንድፍ አለ፤ እሱን የሚያነብ ይመስል ዓይኑን እላዩ ላይ ተክሏል።

እህት ወረቀቷን አጣጥፋ ወደ ሳጥኑ ሄደች። ሳጥኑ የአባታቸው የመሣሪያ ሳጥን የነበረ፣ ከምድጃው ሥር የተቀመጠ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ክዳኑ በሁለት ማጠፊያ ተይዞ ከፊቱ ትንሽ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ቁልፉ በጥቁር ክር ታስሮ አንገቷ ላይ ነው። ወንድሟ ከሆስፒታል ወጥቶ እዚህ ክፍል ከገባ ዛሬ አሥራ ስድስት ቀኑ ነው፤ በዚያው ዕለት የቤቱን ጨው ሰብስባ ቆልፋበታለች። ከዚያ ወዲህ ከኪሱ፣ ከትራሱ ሥር፣ ከካልሲው ውስጥ ያገኘቻቸው የወረቀት ጥቅሎች ሁሉ እዚያው ናቸው። አንድም አልጣለችም። ጨው መጣል አይሆንላትም፤ መስጠትም አይሆንላትም።

ወንድሟን በሰፈሩ “አንቴና” ነው የሚሉት፣ በቁመቱም በሥራውም። ከደረጃው ሥር ባለች፣ ሰው ቁሞ በማይገባባት ሱቅ ሬዲዮ ይጠግናል። ማለት፣ ይጠግን ነበር። ድንጋይ ሽንቱን ዘግቶበት፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም እያለ ወራት ሲቆይ፣ በመጨረሻ ሰው ተሸክሞ ነው ሆስፒታል ያደረሰው። ድንጋዩ ወጣለት። ሲመለስ እንደ ልማዱ ቀለደ። “እትዬ፣ ኩላሊቴ ጣቢያ መሳብ አቁሟል። ጣቢያው ያስተላልፋል፣ ሬዲዮው አይቀበልም። እስኪጠገን ድረስ ጨው በአፌ እንድጨምርበት ነው የተባልኩት።” ሳቀችበት፤ ሾርባውንም ያለ ጨው አቀረበችለት። በአራተኛው ቀን ሳይቀልድ ነገራት፤ በዚያን ጊዜ አልሳቀችም፣ ተነሥታ ጓጉንቸሩን ነካክታ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሲነሣ ዓይኑ ይጨልምበት፣ ጉልበቱ ይከዳው ጀመር። ሱቁን ዘጋ። ደረጃ መውረድ አቃተው። ያለፈው ሳምንት የሐኪም ቀጠሮውም በዚሁ ቀረ፤ እሷም “ተኛበት፣ ዕረፍት ነው መድኃኒቱ” አለችው። በባሰበት ቁጥር ኩላሊቱ ነው ብላ ጨውን አጠበቀች፤ ጨው በጠበቀ ቁጥር ባሰበት። እሷ ግን የምታየው አንዱን ጫፍ ብቻ ነበር።

የተቀቀለ ድንችና አንድ እንቁላል ልጣ አስቀመጠችለት። ሁለት ጊዜ ጎርሶ ተወው። ነጠላ ጫማዋን በጫማ ለውጣ በሩን ስትይዝ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ “እትዬ” አላት። “አንድ ጊዜ ብቻ ሄደሽ ጠይቂው። ሌላ አልልሽም።”

በሩን ዘጋች። ሰዓቱ ደርሶባት ደረጃውን ወረደች።

የምትሠራበት ላውንደሪ የሆቴል አንሶላና የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሸሚዝ ነው የሚቀበለው። የመተኮሻው ክፍል አንድ መስኮት ብቻ አለው፤ እሱም እንፋሎት ሸፍኖት ውጭው የማይታይበት ነው። ስድስት ሴቶች በስድስት ጠረጴዛ ቆመው ይውላሉ። ሸሚዝ በተተኮሰ ቁጥር ነው የሚከፈለው፤ ያቃጠለች የሸሚዙን ዋጋ ትከፍላለች፣ ስለዚህ የቁርስ ወሬ እንኳ በአንድ ዓይን ነው። እህት ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ላብ ስታነብ ኖራለች። ከብብት ሥርና ከኮሌታው ጀርባ፣ ማጠቢያ ማሽኑ የሳታት ነጭ የጨው መስመር ትቀራለች፤ እንደ ደረቀ ኩሬ ዳርቻ፣ ክብ በክብ ላይ። በውኃ ረጨት አድርጋ በካውያ ስታልፍባት ትጠፋለች። ሰው ሁሉ ሳያውቀው ጨው እየጣለ ይሄዳል፤ ጸሐፊውም፣ አለቃውም፣ ሙሽራውም። የወንድሟን ሸሚዝ እሷ ናት የምታጥበው። ያለፈው ሰሞን ኮሌታው ላይ ምንም መስመር አልነበረም። ላብ ስለሌለው ነው፣ ተኝቶ ስለሚውል ነው ብላ ነበር። አሁን እጇ የማታውቀው ሰው ኮሌታ ላይ ቆመ።

እንፋሎቱ ያጋለው ቁልፍ ደረቷን ሲፈጃት በአንገቷ ጎትታ አወጣችው።

“አንቺ!” አለች አጠገቧ የምትተኩሰው፣ በእጇም በአፏም ስለማይቀድሟት ቶሎቶሎ የሚሏት ሴት። “ያ ቁልፍ የባንክ ካዝና ነው እንዴ? ሲነጋም ሲመሽም አንገትሽ ላይ!”

“የጨው ነው።”

“የምን?”

“የጨው። ወንድሜ እንዳይበላ።”

“ወይ ጉድ! ሰዎች፣ ስሙልኝ! እኛ የምንቆልፈው ወርቅ አጥተናል፣ እሷ ጨው ትቆልፋለች!” ክፍሉ በሣቅ ታመሰ። ቶሎቶሎ ራሷ ግን ሣቋን ቶሎ ጨረሰች፤ ቀልቧ የማይታማ ሴት ናት። ካውያዋን አቁማ ዝቅ ባለ ድምፅ “ቆይ፣ አትብላ ያለው ሐኪሙ ነው ወይስ አንቺ?” አለቻት።

እህትም ካውያዋን አቆመች። አትብላ ያለው ሐኪም ነበረ፤ ያውም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ለእናቷ ያለው። ስለ ወንድሟ ማንም ሐኪም ለእሷ ያላት ነገር አልነበረም፤ ወንድሟም ሂጂና ጠይቂው እንጂ ሌላ አላላትም። የቀሩትን ሸሚዞች ለቶሎቶሎ ገፋ አደረገችላት። የግማሽ ቀን ሂሳቧን ትታ ወጣች። መንገድ ላይ ለሐኪሙ የምትናገረውን ስታጠና ሄደች፤ “ልጁ ጨው ፈቀዱልኝ እያለ ሰው ያስቸግራል፣ አልፈቀድኩም ብለው በወረቀት ይጻፉልኝ” ልትለው ነው። ልቧ ሌላ ቢያስብም፣ አፏ ያጠናው ይህንኑ ነው።

የሆስፒታሉ መቆያ ክፍል አግዳሚዎች ወለሉ ላይ በብሎን የታሰሩ ናቸው። ተራዋ አርባ አንድ ነበር፤ በሩ ላይ ያለው ቁጥር አሥራ ዘጠኝ። አጠገቧ የተቀመጠች ወፍራም ሴት የሳሙና ዋጋ እንዴት እንደወጣ፣ ዳቦውም ዋጋው ሲጨምር መጠኑ እንዴት እንደቀነሰ፣ የልጇ ባል ደግሞ በሁለቱም በኩል እንዴት እንደማይረባ ነገረቻት። እህት “እህ” ትላለች። ሰዓቱ ከቀትር አለፈ። አንድ ጊዜ ተነሥታ ልትሄድ ብላ ነበር፤ ሂሳቧን አጥታ ባዶ እጇን መመለሱ አስቆጫትና ተቀመጠች። አርባ አንድ ሲባል የሰው ድምፅ ሁሉ ደክሞት ነበር።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ የጫማው ተረከዝ አልቋል። የወንድሟን ስም ስትነግረው ፊቱ በራ። “ሬዲዮ ሠሪው! ባለፈው ሳምንት ጠብቄው ቀረብኝ። እንዴት ነው? ጨውን እየወሰደ ነው?”

ያጠናችው ንግግር ሁሉ ከአፏ በነነ። “ዶክተር፣ እርስዎ ነዎት ያዘዙት?”

“ታዲያ ማን ነው? አላስረዳዎትም? ጎበዝ ነው እኮ፤ በሙያው ስነግረው ወዲያው ነው የገባው።” ያገለገለ የላቦራቶሪ ወረቀት ገልብጦ ባቄላ የመሰለ ነገር ሣለ፤ በላዩም ቆብ የመሰለ። “ኩላሊት ላይ እንደ ቆብ የተደፋች ትንሽ ዕጢ አለች። ሰውነት ጨው ሲያንሰው ሆርሞን ትልካለች፤ መልእክተኛ በሉት። በደም ተጉዞ ኩላሊት ይደርሳል። እያንዳንዷ የኩላሊት ሴል ደግሞ ይህን መልእክት የሚይዙ ተቀባዮች አሏት። ተቀባዩ መልእክቱን ሲይዝ፣ ሴሏ በሮቿን ታበዛና በሽንት ሊያመልጥ የነበረውን ጨው ወደ ደም ትመልሳለች። ስንት ተቀባይ እንደሚኖራት የምትወስነው ግን ራሷ ናት። ሲያስፈልጋት ትሠራለች፣ ሲበቃት ታፈርሳለች፤ መልእክቱ ጩኸት ሲሆንባትም ትቀንሳለች። በየሰዓቱ ይህን ስታደርግ ነው የምንኖረው፣ አናውቀውም እንጂ።” ባቄላው መሀል ላይ ኤክስ ምልክት አደረገ። “የወንድምዎ ሴሎች ሽንቱ ታግዶ በከረመበት ጊዜ ተጎድተው ተቀባዮቻቸውን ጥለዋል። ዕጢዋ ትጮኻለች፤ በደሙ ውስጥ ያለው መልእክት ከእርስዎና ከእኔ ሦስት እጥፍ ነው። የሚሰማ የለም። ስለዚህ ጨዉ ዝም ብሎ ይፈሳል።”

“የሚሰማ የለም” አለች እህት፣ ቀስ ብላ።

“ለጊዜው ነው። ሴል እኮ ናት፤ ስትድን መልሳ ትሠራቸዋለች። ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት። እስከዚያ በታች የሚፈሰውን በላይ መተካት ነው፤ በቀን አራት የሻይ ማንኪያ። ከዚህ የረከሰ መድኃኒት የለኝም።”

ወረቀቱን ስታይ ቆየች። ከዚያ፣ እሷ ራሷ ባላሰበችው ድምፅ፣ ለወንድሟም ለንስሐ አባቷም ሳትነግረው የኖረችውን ነገር ለማታውቀው ወጣት ነገረችው። “እናቴ ኩላሊቷ አብጦ ነው የሞተችው። ጨው ተከልክላ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ለመነችኝ፤ አንዲት ቁንጥጫ፣ ለምላሴ ብቻ አለችኝ። ሾርባዋ ላይ ጨመርኩላት። በሦስተኛው ቀን አረፈች። እኔ ነኝ የገደልኳት።”

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “የእናትዎ ኩላሊት ጨው ማስወጣት ያቃተው ነው፤ የወንድምዎ ጨው መያዝ ያቃተው። ስማቸው አንድ ቢሆንም በሽታቸው ለየቅል ነው። ደግሞ በአንዲት ቁንጥጫ ማንም አልሞተም። የመጨረሻ ምግቧን አጣፍጠውላታል፤ ያደረጉት ይህንን ነው።”

አሥራ አንድ ዓመት ደረቷ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማት። አየር ስትስብ እስከ ታች ገባላት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ፈገግ ልትል ሁሉ ነበር። በዚያው ቅጽበት ነው ሐኪሙ “ዛሬ ስንት ማንኪያ ወስዷል?” ያላት።

ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች።

“ትናንትስ?”

እጇ ሳታውቀው ወደ አንገቷ ሄደ። ሐኪሙ ክሩን አየ፤ ቁልፉን ባያይም የገባው ይመስላል። ከወንበሩ ተነሣ። “አሁኑኑ በታክሲ ያምጡት። እዚሁ ነኝ፣ አልሄድም። ጨው ብቻ አይደለም፤ ጨዉ ሲወጣ መውጣት የነበረበት ሌላ ነገር በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ልብን ቀጥ ያደርጋል። ይሩጡ!”

ሮጠች። በአርባ አምስት ዓመቷ፣ በሥራ ጫማ፣ በእግረኛ መንገድ ላይ ሮጠች። ከቤቷ በታች ካለው ኪዮስክ ስትደርስ ቆማ ጨው ጠየቀች፤ ቤቷ ውስጥ ሳጥን ሙሉ ጨው እንዳለ፣ ቁልፉም እላይዋ ላይ እንዳለ ፈጽሞ ጠፍቷት ነበር። ባለ ኪዮስኩ ፓኬቱን እያቀበላት “ጨው ብቻ? ድግስ አለ እንዴ እትዬ?” አላት። ዋጋው ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ያንሳል። የገንዘቧን መልስ ሳትቀበል ሄደች።

ማዘር ደረጃው ላይ፣ ከሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ፣ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያይዋት አልተነሡም። ፓኬቱን አዩ፤ ከዚያ ፊቷን አላዩም።

“ሦስት ጊዜ አንኳኳ” አሉ ወደ እጃቸው እየተናገሩ። “ከቀትር በፊት ነው። ግድግዳውን። በጣቱ እንዲህ፣ እንዲህ፣ እንዲህ። አልሰማሁም አልልሽም፤ ሰምቻለሁ። በልጄ ምያለሁ ብዬ ሬዲዮዬን ከፍ አደረግኩት። እሱ ራሱ የጠገነልኝን ሬዲዮ።” አፋቸውን ጠረጉ። “ኋላ ነገሩ ከበደኝና ገባሁ። ገብቼም... ልጄ፣ አልደረስኩም።”

እህት ወደ ክፍሉ ገባች፤ ወንድሟ ከአልጋው ወርዶ ነበር። እስከ ምድጃው ድረስ በደረቱ ሳይሳብ አልቀረም፤ አንሶላው እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ተከትሎታል። በጎኑ ከሳጥኑ አጠገብ ተኝቷል፤ ከካፖርቱ ኪስ የማትጠፋው ትንሿ ጠመንጃ መፍቻ በእጁ ናት። ጓጉንቸሩን አልነካውም። ከኋላ ካሉት ማጠፊያዎች አንዱን ነው ሲፈታ የነበረው። ከአራቱ ብሎኖች ሁለቱ ወጥተዋል፤ ሬዲዮ ሲፈታ እንደሚያደርገው፣ እንዳይጠፉ፣ በአንዲት የጠርሙስ ክዳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሦስተኛው ብሎን ግማሽ ድረስ ወጥቶ ቆሟል። አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ እህቱ የቆለፈችውን በእጁ አልነካም ነበር። እህት ፓኬቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ እየመለሰች፣ “ጠየቅኩት” አለችው። “ሄጄ ጠየቅኩት።”

ሐኪሙ እዚሁ ነኝ እንዳለ እየጠበቀ ይሆናል፤ ማን ሄዶ ይንገረው። አስከሬኑን አልጋው ላይ አስተካክለው አንሶላ አለበሱት። የሕንፃው ሰዎች እንደ ሰሙ ይመጡ ጀመር፤ በር ላይ ጫማቸው በዛ። ክፍሉ ስለጠበበ ሰው የማዘርንም ክፍል ሞላ፤ ከወዲህና ከወዲያ ያለው ሹክሹክታ በክፍተቱ ላይ ተገናኝቶ አንድ ሆነ። አንዱ ጥሩ እጅ ነበረው አለ። ሌላው የኔን ሬዲዮ በነፃ ነው የሠራልኝ አለ። ቶሎቶሎ ሥራ ለቃ መጥታ ከእህት አጠገብ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ከደረጃው መስኮት ስትወርድ፣ ከታች ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ የመጣው ሰው በባዶ ሆዱ አይደር ብላ ድንችና ካሮት ከትፋ ትልቅ ድስት ሾርባ ጣደች። ስታማስል፣ ስትቀምስ፣ ፊቷን አጨፈገገች።

“እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ በዚህ ሰዓት አላስቸግርሽም ነበር። የዚህ ቤት ጨው የት ነው?”

የገዛችው ፓኬት በሰው እግር ተገፍቶ አልጋው ሥር ገብቷል፤ ማንም አላየውም። እህት እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ክሩን በራሷ ላይ ልታወጣው ስትል ሻርፗን ያዘው፤ ጎተተችው፣ አልወጣ አለ፤ ቶሎቶሎ ነፃ አደረገችላት። ቁልፉ ከገላዋ ሙቀት የተነሣ ትኩስ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ተቀብላ ጎንበስ አለችና ጓጉንቸሩን ከፈተች፤ ክዳኑ በላላው ማጠፊያ ላይ ወደ ጎን ተንጋደደ። ውስጡ ከአንድ ትልቅ የጨው ከረጢት ሌላ፣ በጋዜጣ፣ በሲጋራ ወረቀት፣ በሬዲዮ ቤት ደረሰኝ የተጠቀለሉ ትንንሽ ጥቅሎች ሞልተዋል። አንዷን ፈታች። ሌላዋን ፈታች።

“ኧረ!” አለች ወደ ሰዎቹ ዞራ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። “ይሄ ሁሉ ጨው ለማን ነው?”

ከግድግዳው ወዲያ የማዘር አልጋ ሽቦ አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። ልብስ ሰፊዋም ካገኘቻቸው ጥቅሎች ሁለቱን ድስቱ ላይ ገልብጣ ማማሰሏን ቀጠለች። ሾርባው ሲታደል ሰው ሁሉ አመሰገነ። ለእህትም አንድ ሳህን ሰጧት። “ብዪ እንጂ፣ ለነገ ጉልበት ያስፈልግሻል” አሏት፤ አልበላ ስትል ቶሎቶሎ ማንኪያውን ይዛ እንደ ሕፃን ወደ አፏ አቀረበችላት። ዋጠችው። ጨዉ ልክ ነበር።